የስድስት ሰዓቱ ስልክ

የዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ዳባት ላይ ሲደርሰን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከደባርቅ ዳባት ሩቅ አይደለም፤ አይሱዙ ላይ ተጭነን እየጮህን ድምፃችን ሳይዘጋ እንደርሳለን። ክረምቱን ሙሉ በጭጋግና በጭቃ ታፍኖ የከረመ ሰው ያን ቀን ይፈታል። በራሳችን ሜዳ ጨዋዎች ነን፤ አክስትም የንስሐ አባትም ያየናል። ሰው አገር ስንሄድ ግን አፋችን ይከፈታል። እኔ ደግሞ የደጋፊው አስተባባሪ ስለነበርኩ ከሁሉም የባስኩ ነበርኩ። ዳኛ የሚሳደብ ሰው የፈለገ እኔን ማግኘት አይቸግረውም።

ቡድናችን ደጋፊ አለው የተባለው ግን በእኔ አፍ ሳይሆን በጓደኛዬ ከበሮ ነው። ጓደኛዬ የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ከበሮ የተማረው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከአባቱ እጅ ነው። እሱ ሲመታ አንገቱን የማይሰብቅ ሰው አላየሁም፣ የተጋጣሚ ደጋፊ ሳይቀር። አባቱ ግን አልወደዱለትም። «ከበሮ ለማኅሌት እንጂ ለኳስ አልተሠራም» ብለው ሁለት ዓመት ያህል ከሰላምታ ያለፈ ቃል ነፈጉት። አንድ ቤት እያደሩ፣ ከአንድ ትሪ እየበሉ።

ያን ዓመት፣ ከጨዋታው በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ሽማግሌው የከበሮው ማንገቻ ሊበጠስ መድረሱን ያያሉ። ምንም ሳይናገሩ አዲስ ጠፍር ቆርጠው፣ በቅቤ አሽተው፣ አስረው በሩ ሥር አስቀመጡለት። ጓደኛዬ ይህን እሑድ ጠዋት አይሱዙው ላይ ሦስት ጊዜ ነገረኝ። «አንድ ቃል አልተናገሩም እኮ! አስረው አስቀመጡልኝ፣ በቃ። ዛሬ ስመለስ ጉልበታቸውን ስሜ ይቅር በሉኝ እላቸዋለሁ» አለኝ። ማንገቻውን በአውራ ጣቱ እያሻሸ ነበር የሚያወራው። ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር።

ስድስት ሰዓት ገደማ ዳባት ምሳችንን በልተን ልንነሳ ስንል ስልኬ ጮኸ። የጓደኛዬ አጎት ናቸው፤ ቄስ ናቸው፣ እኔንም ከልጅነቴ ያውቁኛል። ወደ ደጅ ወጣሁ።

«ልጄ፣ ብቻህን ነህ?»

«አዎ አባ። ደህና ዋሉ?»

«ይኸውልህ፣ መሪጌታ አረፉ። ከቅዳሴ ተመልሰው ጋደም እንዳሉ በዚያው ቀሩ። ለልጁ እንዳትነግረው፣ አደራህን፤ መርዶ በመንገድ አይነገርም። አባትህን ትንሽ አሟቸዋል በለውና ይዘኸው ና። ቀብሩን አቆይተን እስከ አሥር ሰዓት እንጠብቃችኋለን። ከዚያ ካለፈ ከገጠር የመጣው ሰው መንገዱ ይመሽበታል።»

«እሺ አባ» አልኩ።

እሺ ማለት ቀላል ነው። ስመለስ ጓደኛዬ እጁን ታጥቦ ከበሮውን አንግቧል፤ ሰፈርተኛው ከቦታል፤ ሁሉም ይስቃል። አፌን ከፈትኩና «እንሂድ፣ ቦታ ይያዝብናል» አልኩ። ወደ ሜዳው ማለቴ ነበር።

ያኔ ለራሴ የሰጠሁትን ምክንያት አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ ደግሞም የተከበረ ምክንያት ነበር። መርዶ ወግ አለው። ሰው ዘመድ ሳይሰበሰብለት፣ የሚደግፈው ሳይኖር አይረዳም። ፊቴን ካየ ያውቅብኛል፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ይሆንብኛል፣ ትንሽ ልረጋጋ አልኩ። ጨዋታው የሚጀመረው ስምንት ሰዓት ነው፤ ለእረፍት ሲወጡ ብንነሳ እንኳ ከአሥር በፊት ደባርቅ ነን። ሂሳቡ ትክክል ነበር። ውሸታሙ እኔ ነበርኩ። እውነቱን ልናገር፦ ያለ እሱ ከበሮ እንሸነፋለን ብዬ ፈራሁ። ሌላው ሁሉ ሽፋን ነው።

በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ለባዶ ተመራን። እረፍት ሆነ። ጓደኛዬ ላቡ በአገጩ እየወረደ ወደ እኔ ዞረና «አይዞህ፣ እናገባለን!» አለኝ። እኔን ነው ያጽናናኝ። አሁን ልንገረው አልኩ። ሰዓቴን አየሁ፤ አሥር ደቂቃ ብቻ አልኩ። አሥር ደቂቃዋ አለፈች፤ ሌላ አሥር ጨመርኩ። ኪሴ ውስጥ ስልኩ ሁለት ጊዜ ነዘረኝ፤ በሱሪዬ ላይ በእጄ ጫንኩት። ከዚያ ጎል አገባን። ደጋፊው ተደራርቦ ወደቀ፤ ጓደኛዬ አንገቴን አንቆ ሳመኝ። እኔም ጮኽኩ። አስመስዬ ቢሆን ባልከፋኝ፤ ከልቤ ነበር የጮኽኩት።

አንድ ለአንድ ተለያየን። ልጆቹ ገና ሲዘፍኑ እጁን ያዝኩና «አባትህን ትንሽ አሟቸዋል አሉ፤ ቀድመን እንሂድ» አልኩት። ያገኘነው ሚኒባስ ላይ ወጣን። ከበሮውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ «ብርድ ነው፣ ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ቆመው» ይላል። እኔ በመስኮት የታጨደውን የገብስ ማሳ አያለሁ። 

ደባርቅ መግቢያ ላይ ሰው በመንገዱ ዳርና ዳር ይመጣል። ነጠላቸውን የሐዘን አጣፍተው፣ ጥለቱን ወደ አንገት መልሰውታል። የጓደኛዬ ሰፈር ሰዎች ናቸው፤ የሚመጡትም ከቤተ ክርስቲያን በኩል ነው። አንዷ አሮጊት ወደ ሚኒባሱ ቀና ብለው አዩትና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከዚህ ሌላ ማንም አልነገረውም። «አቁም!» ብሎ ጮኸ። ከበሮው ከጭኑ ላይ ወደቀ፤ እኔ አነሳሁት።

መቃብሩ ጋ ስንደርስ አሥር ሰዓት ከአርባ ነበር። አፈሩ ተመልሷል፣ ድንጋዩ ተደርድሯል። ያን ጠፍር ባሻሸበት እጁ ድንጋዩን ለማንሳት ሲሞክር አራት ሰው ያዘው።

ከለቅሶው መሐል ድንገት ወደ እኔ ዞሮ «መቼ ሰማህ?» አለኝ። «ከሜዳው ልንወጣ ስንል» አልኩት። ቄሱ አጠገባችን ቆመው ነበር። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረው «ኔትወርኩ ነው ልጄ፤ ቀኑን ሙሉ አልሠራልንም» አሉት። መስቀል የያዘ ሰው ለእኔ ሲል ዋሸ። ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ሳያቸው በሌላ በኩል እታጠፋለሁ።

ሁሉም ቢረግመኝ ይሻለኝ ነበር። በአርባው ተዝካር ጓደኛዬ ትከሻዬን ይዞ በሰው ሁሉ ፊት «ይህ ልጅ ያን ሁሉ መንገድ መርዶዬን ብቻውን ተሸክሞ አምጥቶኛል። ወንድም ማለት እሱ ነው» አለ። እናቱ ተነሥተው ጉንጬን ሳሙኝ። የያዝኩትን እንጀራ ጎርሼ በጠላ አወራረድኩት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ከበሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከረመ። እኔም አስተባባሪነቱን ተውኩ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው እላለሁ። ዘንድሮ የመክፈቻ ጨዋታችን ዳባት ሲሆን ግን ራሱ ቤቴ ድረስ መጣና «በቃ፣ ሐዘኑም ይብቃኝ። አንተ ካልሄድክ አልሄድም» አለኝ። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ሜዳው ዳር ያኔ የቆምንበት ቦታ ላይ ቆምን። ከበሮውን አነገበ፤ ማንገቻው ጠቁሯል እንጂ ያው ነው። ሊጀምር ሲል ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

«ያዝልኝ። እናቴ ሰሞኑን ደክማለች፤ ስመታ ጥሪ አልሰማም። አንተ ካለህ አልሰጋም።»

መታ። ደጋፊው ተነሣ። እኔ ኳሱን አላየሁትም፤ ሙሉውን አጋማሽ ያቺን ጥቁር ስክሪን ሳይ ቆየሁ። ላብ አሟለጫት፣ በሸሚዜ ጠረግኳት። አልጮኸችም። ብትጮህ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ ብዬ ለመማል ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። እረፍት ተባለ። ላቡ በአገጩ እየወረደ ወደ እኔ መጣ።

«ተደወለ?»

«አልተደወለም» አልኩት። «ያን ቀን ግን ስድስት ሰዓት ላይ ነበር የተደወለልኝ።»

«ምኑ?»

«የአባትህ። ምሳ በልተን ስንነሣ። እስከ አሥር እንጠብቃችኋለን ብለውኝ ነበር። እንድትመታልን ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

ከኋላችን ልጆቹ ምታው፣ ምታው ይላሉ። ፊቴን አየ፤ ቀጥሎ ሜዳውን አየ፤ ጎል ያገባንበትን በኩል። የሚመታኝ መሰለኝ፤ እንዲመታኝም ፈለግኩ። እሱ ግን እጁን ዘረጋ፤ ስልኩን ከመዳፌ አንሥቶ በራሱ ኪስ ከተተው።