ረቢአ ኤኒ

ከሚሴ ገበያ ገብታችሁ «ረቢአን ፈልገን ነበር» ብትሉ አምስት ረቢአ ይጠራላችኋል። «ረቢአ ኤኒ» ካላችሁ ግን አንዲት ብቻ ናት፤ ያቺ ረጅሟ፣ እጇ በሳሙና የነጣው፣ ነገር ሲጣመም ዝም ማለት የማይሆንላት። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ሊያሾፉባት ነበር። እሷ ግን እንደ አባቷ ስም ተሸክማው ዞረች።

ባሏ በወባ ሲሞትባት ሁለት ላምና አንድ ጥጃ ይዛ ቀረች። የባሏ ወንድሞች መጥተው «እኛ ዘንድ ግቢ» ሲሏት «ሁለት እጅ አለኝ» ብላ መለሰቻቸው። በ1944 ዓ.ም. የመንገድ ሥራ ካምፕ ከሚሴ አጠገብ ድንኳኑን ሲተክል ለፈረንጆቹ ልብስ አጣቢ ሆና ገባች። ያን ጊዜ የፈረንጅ ልብስ የምታጥብ ሴት መታማቷ አይቀርም፤ ታማች። እሷም የሚያማትን ሰው ገበያ ላይ ስታገኘው በስሙ እየጠራች፣ ሰው እየሰማት፣ የቤተሰቡን ደህንነት አንድ በአንድ ትጠይቀዋለች። ከዚያ በኋላ የሚያማት በጣም አነሰ።

ፊደል አልቆጠረችም። እንግሊዝኛውን የለቀመችው ከቆሻሻው ልብስ ጋር ነው። መጀመሪያ የያዘችው ቃል «ኤኒ» ሆነና ጉድ አፈላባት። የካምፑ አለቃ ጠዋት ጠዋት ብቅ ይልና «ኤኒ ሶፕ?» ይላታል፤ እሷም ሳሙናውን ታሳየዋለች። ስለዚህ በፈረንጅ አገር ሳሙና ኤኒ ይባላል ብላ ደመደመች፤ ለጎረቤቶቿም አስተማረች። አንድ ቀን «ኤኒ ሸርት?» ሲላት ሳሙና ሰጠችው። በማግስቱ «ኤኒ ዋተር?» ሲላት አሁንም ሳሙና ሰጠችው። ሰውየው ሆዱን ይዞ ሳቀና ሳሙናውን፣ ሸሚዙን፣ ባልዲውን ተራ በተራ እየነካ ሁሉንም ኤኒ፣ ኤኒ፣ ኤኒ አላት። ኤኒ የዕቃ ስም አለመሆኑ የገባት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲያ ቃሉን እንደ ጠፋ ጥጃ ተከታተለችው። አለቃው ባዶውን ቅርጫት ገልብጦ እያሳያት «ኖት ኤኒ» ሲል፣ ዛሬ የሚታጠብ ምንም የለም ማለቱ ሆነ። የተተኮሰውን መቼ ላምጣ ብላ በእጇ ስትጠይቀው ደግሞ «ኤኒ ደይ» አላት። የትኛው ቀን እንደሆነ ስላልገባት ፈራ ተባ እያለች ሰኞ አመጣች፤ ተቀበላት። በሌላ ሳምንት ሐሙስ አመጣች፤ ተቀበላት። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አመጣች፤ አሁንም አመስግኖ ተቀበላት። ለካ ቀኑን የምትመርጠው እሷ ናት!

«ይህ ቃል እንደ ገባበት ቤት ነው» ትል ነበር አብረዋት ለሚያጥቡት ሴቶች። «ሲጠይቅ አለ ወይ ነው። ሲከለክል ምንም ነው። ሲፈቅድ ግን፣ ያ አላህ፣ ሲፈቅድ የፈለግሽው ነው!» ሴቶቹ ሳቁና ረቢአ ኤኒ አሏት። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በዚያ ዘመን እስከ ደሴ ድረስ ቃሉን እንዲህ አብጠርጥሮ የሚያውቅ አስተማሪ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

በ1956 ዓ.ም. የመንገዱ ካምፕ ከተነቀለ ቆይቶ ነበር። በጨፋ ሸለቆ ግን አንድ የእርሻ ኩባንያ መጥቶ ከባለርስቱ መሬት ተከራየ፤ የቦርከና ወንዝንም ዳር ዳር በሽቦ አጠረው። ረቢአ ለሥራ አስኪያጁ ፈረንጅና ለቢሮ ሠራተኞቹ ልብስ አጣቢ ሆና ተቀጠረች። ሁለቱ ላሞቿም ስድስት ደርሰው ነበር። ክረምቱን ማንም ስለ አጥሩ ግድ አልነበረውም፤ ውሃ ሞልቷል። በጋው ሲገባ ግን ከብቱ ሁሉ ወደ ወንዙ ወረደና ሽቦ ላይ ቆመ። ዘበኞቹ ለከብት የለቀቁት አንዲት ማጥ ብቻ ነበረች። በአንድ ሳምንት ሦስት ላሞች ማጡ ውስጥ ገብተው ቀሩ። አንዷ የረቢአ ነበረች። ገመድ አስረው ሲጎትቷት አንገቷን ወደ ባለቤቷ አዙራ ጮኸች፤ ከዚያ አቃታት። ረቢአ በዚያ ቀን አላለቀሰችም። ተናደደች።

ሽማግሌዎቹ በሸህ አብዱሰላም እየተመሩ ለወረዳው ገዢ አቤት አሉ። ገዢው ሥራ አስኪያጁን ተስማማ አለው። ፈረንጁም በእንግሊዝኛ ወረቀት ጻፈ፣ ፈረመበት፣ በእርሻው በር ፊት ለተሰበሰበው ሰው ራሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበውና ለሸሁ ሰጣቸው። የአማርኛውን ያዘጋጀው የኩባንያው ጸሐፊ አቶ ፈቃደ ነበር። አቶ ፈቃደ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ከረባቱን በዚያ ሐሩር እንኳ የማያላላ ሰው ነው። ጉሮሮውን ጠራረገና አነበበ፦

«የአካባቢው ሕዝብ ከብቱን በወንዙ ዳር በአንዳንድ ቦታ ማጠጣት ይችላል። አሁን ሽማግሌዎች እየመጣችሁ ጣት ፈርሙ።»

ሸሁ ቀለም ወደ ተቀባው ጨርቅ አውራ ጣታቸውን ዘረጉ።

«ይቁም!» አለች ረቢአ፣ ከሴቶቹ መሐል። «ሸሁ፣ እጅዎን ይመልሱ! ፈረንጁ ያነበበው አንዳንድ አይልም። ኤኒ ፕሌስ ነው ያለው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

አቶ ፈቃደ ዞሮ አያት። «አንቺ ሴትዮ፣ ኤኒ ማለት እኮ አንዳንድ፣ ጥቂት ማለት ነው። ትምህርት ቤት የተማርኩት ነው። ወንድሞች አሉህ ወይ ሲባል ኤኒ ብራዘርስ ይባላል፤ ጥቂት ወንድሞች ማለት ነው።»

እውነቱን ለመናገር ሰውየው አልዋሸም። ደብተሩ ላይ እንዲያ ብለው አስጽፈውታል። ጥያቄውን ተምሮ ፈቃዱን ሳይማር የቀረ ሰው ነው።

«እሱ ሲጠይቅ ነው፣ አቶ ፈቃደ» አለች። «እዚህ እየጠየቀ ነው? እየፈቀደ ነው እንጂ! ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል። ኤኒ ደይ ያለኝ ሰው በፈለግሽው ቀን ነው ያለኝ። ኤኒ ፕሌስም በፈለጋችሁት ቦታ ነው። አንዳንድ ብለን ከፈረምን አንዳንዱን የሚመርጥልን ዘበኛው ነው። ዘበኛው ደግሞ የመረጠልንን አይተነዋል፤ ላሜ እዚያው ማጡ ውስጥ ናት!»

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አለ አቶ ፈቃደ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ ፈገግ ብሎ። «ካልሲ አጣቢ ልታስተምረኝ ነው?»

«ያንተንም ካልሲ አጥቤያለሁ» አለችው፤ አንቱታው ያን ጊዜ ቀረ። «ቀዳዳውንም አውቀዋለሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሸሁ ግን አልሳቁም። ዕድሜያቸውን በእርቅ ያሳለፉ ናቸውና አንዲት ቃል ምን እንደምታደርግ ያውቃሉ። ነገሩን በኦሮምኛ መዘኑት፦ «ረቢአ፣ ቶኮ ቶኮ ሞ፣ ካሚዩ?» አንዳንዱ ነው ወይስ የትኛውም?

«ካሚዩ፣ ወላሂ ካሚዩ!»

ከሰዉ መሐል ካሚዩ የሚለው ድምፅ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ እስከ ከብቶቹ ድረስ ሄደ። ፈረንጁ ምን እንደሚሉ ባይገባውም ምቾት አጣ። ረቢአ ሰዉን ሰንጥቃ ፊቱ ቆመች። ሸሚዙን ትናንት የተኮሰችው እሷ ናት።

«ሚስተር» አለችው። «ካው ድሪንክ። ኤኒ ፕሌስ?»

ፈረንጁ ሽቦውን አየ፤ ከሽቦው ማዶ የቆመውን የከብት ብዛት አየ፤ አቶ ፈቃደን አየ። ሲጽፈው ብዙም ያላሰበበት ቃል አሁን ከበደው። «ዌል...» አለ። «ሰም ፕሌስስ።»

ይህንንም ቃል ታውቀዋለች። ከሸሚዞቹ ሁሉ ገሚሱን ብቻ እጠቢ ሲላት የሚለው ነው። ወደ ሰዉ ዞረች።

«ሰማችሁ? ሲጽፍ ኤኒ ያለው ሰውዬ አሁን ከብቱን ሲያይ ሰም አለ! ሰም ደግሞ በፈረንጅኛውም በእኛውም ያው ነው፤ ፀሐይ ሲነካው ይቀልጣል።» ከዚያ ወደ ፈረንጁ ተመልሳ በሸሁ እጅ ያለውን ወረቀት በጣቷ አመለከተች። «ሰም ኖ! ፔፐር ኤኒ!»

ፈረንጁ ወረቀቱን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ሸህ አብዱሰላም ወረቀቱን በእርጋታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና እጃቸውን ከላይ አስቀመጡበት።

«ለገዢው የምናሳየው ይኸ ነው» አሉ። «ፈረንጁ ፈርሞበታል። አማርኛው እንደዚህኛው ካልሆነ ጣት የለም።»

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። የሚንቀሳቀስ ጠፋ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ከብቱ ውሃው እየሸተተው ይጮኻል። በመጨረሻ ፈረንጁ ለአቶ ፈቃደ ሁለት ቃል ተናገረና ወደ ውስጥ ገባ። አቶ ፈቃደ ጎንበስ ብሎ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ «በአንዳንድ ቦታ» የሚለውን ሰርዞ «በፈለጉት ቦታ» ብሎ ጻፈ። ሸሁ ልጃቸውን ጠርተው ሁለት ጊዜ አስነበቡትና ጣታቸውን አስቀመጡ።

በማግስቱ ረቢአ ወደ ሥራዋ ስትሄድ ዘበኛው በሩ ላይ አስቆማት። ቅርጫቷንና የከሰል ካውያዋን አውጥተው ውጭ አስቀምጠውላታል። ማንም ምክንያቱን አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀች። ከተማ ውስጥ ሌላ ፈረንጅ የለም፤ የሐበሻውን ልብስ የየራሱ ቤተሰብ ያጥብለታል። ያ ወር ለረቢአ ክፉ ወር ነበር። ወተት ሸጠች፤ አንዲት ጊደር ሸጠች። ከሁሉ ያንገበገባት ግን ሌላ ነው፤ አንዳንድ ሰው እሷ ባስከፈተችው ዳር ከብቱን እያጠጣ «ምን አስለፈለፋት? እንጀራዋን በአፏ ሰበረች» ይል ጀመር። ይኼን ስትሰማ አመማት። አዎ፣ አመማት፤ ድንጋይ አልነበረችም።

በወሩ መጨረሻ አቶ ፈቃደ ወንዙ ዳር ድረስ መጣ። ከረባቱን አላልቷል። እሷ ላሞቿን ከስምምነቱ በኋላ ከተከፈቱት የአጥሩ ክፍተቶች ከአንደኛው በታች፣ ጠጠሩ ላይ፣ ውሃው ጥርት ባለበት ቦታ አቁማ ነበር።

«ረቢአ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሥራ አስኪያጁ አዲስ ወረቀት ሊጽፍ ነው። ለሸሁ አንድ ነገር ብቻ ንገሪያቸው፤ ቃሉን በደንብ አልሰማሁትም ነበር፣ ተሳስቻለሁ በያቸው። ነገ ሥራሽ ላይ ትመለሻለሽ። በተሻለ ደመወዝ።»

ረቢአ የመጨረሻዋ ላም፣ ማጡ ውስጥ የቀረችው ላም ልጅ፣ አፏን ከውሃው ላይ እስክታነሣ ጠበቀች። ከዚያ ቀሚሷን አራገፈችና ወደ እሱ ዞረች።

«ሂድና በለው፣ በፈለጉት ቦታ ጠጥተዋል በለው» አለችው።