ዳንቴል የለበሰው ፓምፕ

እኔ የውሃ ፓምፕ የተማርኩት በጠመኔ ነው። ቆቦ ሁለተኛ ደረጃ ስማር የተግባር ትምህርት ተጀመረ ሲባል ደስ አለን፤ በቃ እጃችን አንድ ነገር ሊነካ ነው ብለን። የግብርና መምህራችን ገባና ሰሌዳው ላይ ፓምፕ ሳለ። ቱቦውን በቀይ፣ ውሃውን በሰማያዊ። እኛም ደብተራችን ላይ ሳልነው። ፈተናው «ክፍሎቹን ሰይሙ» ይል ነበር፤ ሰየምን። የጠመኔ ፓምፕ ነዳጅ አይጠጣ፣ አየር አይዝ፣ ተበላሽቶም አያውቅ። እኔ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ።

ትምህርት ቤቱ እውነተኛ ፓምፕ አጥቶ አይደለም። ለተማሪ መማሪያ ተብሎ የተሰጠ፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ አዲስ ፓምፕ ነበረው። ችግሩ፣ ደህና ቁልፍ ያለው ክፍል ቤተ መጻሕፍቱ ብቻ ነው ተባለና እዚያ ገባ። እዚያ ገብቶ ደግሞ የቤት ዕቃ ሆነ። ዳንቴል አለበሱት፤ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ አስቀመጡበት። አንዳንዴ በመስኮት እናየዋለን።

መጻሕፍቱም ከእሱ የተሻለ ዕድል አልነበራቸውም። ብዙዎቹ ከነላስቲካቸው ነው የተደረደሩት። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በሩ ላይ ይቀመጣል። «መጽሐፍ ከወጣ ይጠፋል፤ ከጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ» ይላል። እውነቱን ነው፣ ያልተነበበ መጽሐፍ አይጠፋም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለእኛ ነበር።

ይህ ሁሉ ያስቀኝ ነበር፣ የቤታችን ፓምፕ እስኪቆም። አባቴ ወደ አኼራ ከሄደ ወዲህ እናቴ ከሮቢት ዝቅ ብሎ ወንዝ ዳር ያለችንን መሬት እንደ ሰዉ ማሽላ ስትዘራ ኖራ፣ በዚያ ዓመት ደፍራ ሽንኩርት ተከለችበት። ሽንኩርት ደግሞ ውሃ ካጣ ይቅርታ አያውቅም። ልክ ከሥሩ መወፈር ሲጀምር ሞተሩ መጮህ እንጂ ውሃ መሳብ እምቢ አለ። መካኒኩ የስንቱን ሞተር ይዞ «ነገ፣ ኢንሻአላህ» ይላል፤ ነገ ግን አይመጣም። ጎረቤቶቻችንም ፓምፓቸውን እንዳያውሱን የየራሳቸው የማጠጣት ተራ ነበረባቸው።

«አንቺ ልጅ፣ በሞተር ትምህርት አንደኛ ወጣሁ ብለሽኝ የለም እንዴ?» አለች እናቴ። «በይ ነይ ሥሪው።»

ሞተሩ አጠገብ ቆምኩ። የሁሉንም ክፍል ስም አውቃለሁ። «ይሄ መሳቢያ ቱቦ ነው» አልኳት።

«ስሙንማ ይኑረው። ውሃው የታል?»

በነጋታው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ በር ሄድኩ። የፓምፕ አጠጋገን መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ እንዳለ በመስኮት አይቻለሁ። «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልየው፣ እዚሁ ቁጭ ብዬ» አልኩት።

«አሁን ለእንግዳ እያሰናዳን ነው። ደግሞ ተማሪ ገብቶ ያተራምስልኝ?»

እንግዶች ሊመጡ ነበር፤ የተግባር ትምህርቱንና የቤተ መጻሕፍት አገልግሎቱን ሊያዩ። ትምህርት ቤቱ ጭንቅ ውስጥ ገባ። ግቢው ተጠረገ፣ ግንዱ ሁሉ ኖራ ተቀባ። ለሠርቶ ማሳያ ተብሎ ደረቅ መሬት ላይ በቀትር ችግኝ ተሰካ። የቆቦ ፀሐይ ደግሞ እንግዳ መጣ ብላ አትለዝብም፤ ችግኙ እንግዶቹ ሳይደርሱ አንገቱን ደፋ። ፓምፑም ዳንቴሉ ተገፎ ዛፍ ሥር ቆመ። ነዳጅ ግን አልነበረውም።

አንባቢ ደግሞ ተመረጠ። ንጹሕ ዩኒፎርም ያለን ተማሪዎች ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀመጥን፤ መጽሐፍ የተፈቀደልን ግን የመኪና ጡሩምባ ሲሰማ ነው። «መሀሉ ላይ ክፈቱ። ጣታችሁን ምራቅ አታስነኩ። ቀና አትበሉ» አለን ኃላፊው። እኔ ቀድሜ ያንን የፓምፕ መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወረድኩ። ላስቲኩን የቀደድኩት እኔ ነኝ።

እንግዶቹ ገቡ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ስለ ንባብ ባህል ንግግር ተደረገ። እኔ አልሰማሁም። እያነበብኩ ነበር፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ከልቧ የምታነብ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሞተሩ እየጮኸ ውሃ ካልሳበ አየር ይዟል፤ አጥፍተህ በላይኛው ክዳን ውሃ ሙላበት ይላል። ልቤ ዘለለ። ከታች ደግሞ «ተሞልቶም እንደገና ካቆመ» የሚል ጀመረ፤ መልሱ ከገጹ ጀርባ ነው። ልገልጠው ስል መጽሐፉ ላይ እጅ አረፈ።

«በቃ፣ ሄደዋል» አለ ኃላፊው።

«ጋሼ፣ አንድ ገጽ ብቻ!»

«ሌላ ጊዜ።»

እሱ ሌላውን መጽሐፍ ሲሰበስብ የገጹን ጥግ አጠፍኩና ሰጠሁት።

ከሚኒባስ ወርጄ በሩጫ ነው መሬታችን የደረስኩት። ክዳኑን ከፍቼ ውሃ ሞላሁ፣ ሞተሩን አስነሳነው፣ ውሃው ፈነዳ። እናቴ እልል አለች። «አልሃምዱሊላህ! ልጄ ተምራልኛለች!» ዞራ ለጎረቤት ልትናገር ስትሄድ ውሃው ቆመ። ሞላን፤ ቆመ። ደግመን ሞላን፤ ደግሞ ቆመ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በጀሪካን እየተሸከምን የወንዝ ዳሩን ትንሽ መደብ አተረፍን እንጂ ሌላው ደረቀ። መካኒኩ ሲመጣ የሚጠገን ሞተር ነበር፣ የሚጠጣ ሽንኩርት ግን አልነበረም። እናቴ ልታጽናናኝ «አብሽሪ» አለችኝ። ያቺ ቃል ከስድብ ይልቅ አቃጠለችኝ።

ዛሬ ጎብዬ ከተማ ላይ የፓምፕ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤቱ ጠራኝ፤ እንግዳ ስለሚመጣ ቤተ መጻሕፍቱ እንዴት ለዚህ እንዳበቃኝ እንድናገር። ሄድኩ። ፓምፑ ዳንቴሉን እንደለበሰ ነው፤ አበባው ብቻ ተቀይሯል። ኃላፊውም ያው ነው፣ ትንሽ ሸብቷል።

ንግግር አላደረግሁም። መጽሐፉን አውርጄ ከፈትኩት። ያጠፍኩት ጥግ እንደታጠፈ ነበር። ገጹን ገልጬ የቀረችኝን መስመር ለእንግዶቹ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ በመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ያለችው የጎማ ክዳን አልቃለች፣ ቀይራት ትላለች። በቃ ይህቺው ናት። ያቺን ጎማ ዛሬ ሱቄ ውስጥ በእፍኝ እዘግናታለሁ።

እንግዶቹ ምን እንደሰሙ ሳይገባቸው አጨበጨቡ። ኃላፊው መጽሐፉን ተቀብሎ የታጠፈውን ጥግ በአውራ ጣቱ እያሸ አቃና።

«አየሽ» አለኝ፣ ኩራት በተሞላ ድምፅ፣ «ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው አላስነካሁትም።»