ለልጄ የላክሁት ሽማግሌ

ልጄ ወታደር ልሆን ነው ያለኝ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ውስጥ፣ ሰንሻይን ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን ቺፕስ ስንበላ ነው።

«እማ፣ አፕላይ አድርጌ ነበር። ተቀብለውኛል።»

የያዝሁትን መልሼ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥሁት። አባቱ ከሞተ ወዲህ ቤታችን ውስጥ እሱና እኔ ብቻ ነን። ሌላ ልጅ የለኝም።

«ከማን ጋር ልትዋጋ?» አልሁት።

«ከማንም ጋር። ሥራ ነው። ሙያም ያስተምሩኛል።» ይህን ያለው በእንግሊዝኛ ነው። ልጄ ቁርጥ ያለ ነገር ሲናገር አማርኛውን ይተወዋል።

እኔ ወሎ ነው ያደግሁት። ወታደር ሲያልፍ በር እየዘጋን፣ ካለፈ በኋላ ማን እንደቀረ እየቆጠርን። ከዚያ ሁሉ ሸሽቼ፣ ሰንሻይን ዌስት ልብስ ማጠቢያ ፋብሪካ ገብቼ፣ የሆስፒታል አንሶላ እያጠፍሁ ያሳደግሁት ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ንባቤ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኋችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም። ትምህርት ያቆምሁት ገና ልጅ ሳለሁ ነው። እንግሊዝኛ የተማርሁት ልጄን ላይብረሪ ለተረት እየወሰድሁ፣ የእሱን የሥዕል መጽሐፍ አብሬው እያነበብሁ ነው። እሱ አድጎ ተረቱን ተወ፤ እኔ እዚያው ቀረሁ። ከሥዕሉ ወደ ወፍራሙ ተሻገርሁ፣ ከዚያም ሥራ ላይ በድምፅ የተነበበ መጽሐፍ ጆሮዬ ውስጥ ሰክቼ እሰማ ጀመር። ታሪክ ነው የምወደው፤ የሰው ተንኮል ከነምክንያቱ ተጽፎ ስለሚገኝበት ይሆናል።

እና ያን ቀን መኪናው ውስጥ የመጣልኝ ያነበብሁት ነገር ነው። ድሮ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከስፔን ጋር ጦርነት ገጠመ። የኩባን ሕዝብ ነጻ ልናወጣ ነው ተባለና የገበሬ ልጆች በፈቃዳቸው ተመዘገቡ። ጥቂት ቆይቶ ግን ብዙዎቹ ራሳቸውን ያገኙት በዓለም ሌላ ጫፍ፣ ፊሊፒንስ ውስጥ ነው። ፊሊፒኖዎቹ ከስፔን ጋር ሲዋጉ የቆዩ ናቸው፤ ነጻ ወጣን ብለው መንግሥት አቁመው ነበር። ፕሬዚዳንቱ ደሴቶቹን ከስፔን ገዛቸው፤ ከነሰዉ! ነጻ ሊያወጡ የተመዘገቡት ልጆች መንደር ሲያቃጥሉ ከረሙ።

«እነሱም እንዳንተ ልጆች ነበሩ» አልሁት። «ማንም ቤት አቃጥላለሁ ብሎ አልተመዘገበም።»

«እማ፣ እኔ አሜሪካዊ አይደለሁም።»

«ከዚያኛው ቀጥሎ የመጣው ፕሬዚዳንት የጦር መርከቦቹን ነጭ ቀለም አስቀብቶ ዓለምን እንዲዞሩ ላካቸው። እዚህም መጥተዋል፣ እኛው ሜልበርን! ፎቶውን አሳይሃለሁ። የዚህ አገር ሰው ባንዲራ ይዞ በደስታ ሲያብድ ታያለህ። እነሱ የሄዱበት ሁሉ ይኼም አገር ይከተላል። አንዳንዶቹ መርከበኞች እንኳ ተሽለው፣ ከተማው ሲጥማቸው ጠፍተው እዚሁ ቀሩ።»

ሳቀብኝ። «እኔ እኮ እዚሁ ነው የተወለድሁት። የት ልጥፋ?»

ልጅ እናቱን አልሰማ ሲል እኛ ምን እናደርጋለን? ሽማግሌ እንልካለን። አንዱ የመስጊዳችን ሰው፣ የወሎ ልጅ፣ የተከበሩ ጋሼ ናቸው። ሌላውን ሳስብ ከአጥራችን ማዶ ያሉት ፊሊፒኖ አዛውንት መጡልኝ። ሎሚያቸውን በአጥሩ ላይ ያቀብሉኛል፣ እኔም ሳምቡሳ አቀብላቸዋለሁ። ጋሼ ብዬ ስለምጠራቸው ያወጣሁላቸው ስም መስሏቸው ለሌላውም ሰው «ጋሼ በሉኝ» ይላሉ። አንድ ቀን አጥሩ ላይ ተደግፈው፣ አያታቸውን የአሜሪካ ወታደሮች ሩዝ ማሳው ውስጥ እንደገደሉት፣ አባታቸው ያኔ ትንሽ ልጅ ሆኖ እንዳየ ነግረውኛል። እኔ መጽሐፍ ነው ያነበብሁት፤ እኚህ ሰው ግን የደሙ ባለቤት ናቸው። ከእሳቸው የተሻለ ማን ይመክርልኛል? ልጄን ስለ ወታደር ነገር እንዲያናግሩልኝ ለመንኋቸው፤ ደስ ብሏቸው እሺ አሉ።

እሑድ ከሰዓት ሁለቱም መጡ። ሩዝ በሥጋ ሠርቻለሁ። የመስጊዱ ጋሼ ዱዓ አድርገው ጀመሩ።

«ልጄ፣ እናትህ ካንተ በቀር ማን አላት? ተው፣ አታስለቅሳት።»

ልጄ አንገቱን ደፍቶ በእንግሊዝኛ መለሰ።

«ምን አለ?» አሉኝ።

«ይቅርታ ነው ያለው፣ ጋሼ።»

«አልሐምዱሊላህ! ተወው ማለት ነው?»

«አይ፣ አልተወውም።»

«ካልተወው ታዲያ ምኑን ነው ይቅርታ ያለው?»

ልጄ ሳቁን ዋጠ። እኔም ዋጥሁ። ከዚያ ወደ ጎረቤቴ ዞር አልሁ። የአያታቸውን ነገር አንድ በአንድ አወሩለት፤ ማሳው፣ ተኩሱ፣ ሴት አያታቸው ልጆቿን ይዛ ተራራ መውጣቷ። የልጄ ማንኪያ አየር ላይ ቆመ። እሰይ፣ አልሁ በልቤ። ያረቢ፣ ገባው።

አዛውንቱ ግን አልጨረሱም።

«ከዚያ በመርከብ አስተማሪዎች ላኩልን» አሉ። «አባቴን ያስተማረችው አሜሪካዊት ናት። ስትሄድ አልቅሷል። እኔም ጎርምሼ ጦር ሰፈራቸው ውስጥ መካኒክ ሆንሁ። ወንድሜ ባሕር ኃይላቸው ገብቶ ለእናታችን የቆርቆሮ ቤት ሠራላት። ይኼን እንግሊዝኛዬን ባይሰጡኝ እዚህ መጥቼ ዳንደኖንግ ፋብሪካ ማን ይቀጥረኝ ነበር? ይኼን ቤት በምን እገዛው ነበር?» ወደ ልጄ ጠጋ አሉ። «ጥሩ ሥራ ነው። ሂድ። ካልሲ ግን ራስህ ግዛ፤ የሚሰጡህ እግር ይልጣል።»

«ጋሼ!» ብዬ ጮህሁ። «አያትዎን እኮ ገድለዋል!»

«አዎ፣ ገድለዋል።»

«ታዲያ?»

ዓይናቸው ውስጥ ክፋት የለም። «ልጄ፣ አያቴን አላውቀውም። ቆርቆሮው ሥር ግን ተኝቻለሁ።»

«ምን አሉ?» አሉ የመስጊዱ ጋሼ።

«ዱዓ አደረጉለት» አልሁ። ሌላ ምን ልበል?

ልጄ ተነሣ። እኔ የሰው ጉልበት ሳም እያልሁ ስንት ዘመን የለፈለፍሁበት ልጅ፣ የጎረቤታችንን እጅ ይዞ በአገራቸው ደንብ ሊመረቅ ግንባሩ ላይ አስነካው። ከፊሊፒኖ ጓደኞቹ ያየው ይሆናል። ሽማግሌው እንባቸው መጣ። እኔ ሳህን መሰብሰብ ጀመርሁ፤ ማንም በልቶ ሳይጨርስ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አነበብሁ፤ ምንም አልረዳኝም። በመጽሐፉ ውስጥ ገዳይና ተገዳይ አለ፤ የተገዳይ የልጅ ልጅ እኔ ሳሎን ተቀምጦ ልጄን መርቆ ይልክብኛል የሚል ገጽ የለም። ልጄን በምን ቃል ልመልሰው? እሳቸውስ ዋሹ እንዳልል፣ አልዋሹም። በዚያው ሰሞን ቴሌቪዥኑ ላይ የዛሬው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሌላ ሰው ደሴት ያስፈልገናል ሲል ሰማሁ። እንደ ድሮው ለነጻነት ነው ብሎ እንኳ አልደከመም። ልጄ አጠገቤ ጫማውን እያለማመደ ነበር፤ አዲሱ ጫማ እንዳይጎዳው ቤት ውስጥ አድርጎት ይዞራል። ቀና ብሎም አላየ።

ቃለ መሐላ የሚፈጽሙበት ቀን መሐል ከተማ ሄድሁ። አልሄድም ብዬ ነበር፤ ግን ሌሎቹ ከእናቶቻቸው ጋር ሲሆኑ እሱ ብቻውን ቆሞ ታየኝ። ጎረቤቴ ክራቫት አስረው በራፌ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አዳራሹ ውስጥ ባንዲራ አለ፣ ጠረጴዛ አለ። ልጄ ቁርኣን ላይ እጁን አድርጎ ማለ። ድምፁ የአባቱን ድምፅ ይመስላል። ጋሼ አጨበጨቡ።

ሲያበቃ አንድ መኮንን ወደ እኛ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ዕድሜው ከእኔ ያንሳል። ጎንበስ ብሎ እጄን ያዘና «ልጅሽን ስለሰጠሽን እናመሰግናለን» አለኝ።

አልሰጠሁም። እንግሊዝኛው አይጠፋኝም፤ አጭር ነው፤ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ልጄ ከመኮንኑ ትከሻ ጀርባ ሆኖ ያየኛል፤ እንዳላሳፍረው ፈርቶ ከንፈሩን ነክሷል።

«እኔም አመሰግናለሁ» አልሁት።