መንገደኛ የወጣበት ቤት

ዛሬ ጠዋት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ውሃ የተረጨበት አቧራ ሽታ ነው። አምቦ ውስጥ ግቢ የሚጠርግ ሰው መጀመሪያ ከባልዲ በእጁ እየጨለፈ ውሃ ይረጫል፤ ከዚያ ከቅርንጫፍ የታሰረ መጥረጊያውን ይዞ ያጎነብሳል፤ ሽታው ከድምፁ ቀድሞ በመስኮት ይገባል። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ዝናብ ሽታ ያሞግሳል፣ እኔ ግን ይህኛውን እመርጣለሁ፤ ዝናብ ሲረጭ ወገቡን አያመውም፣ ሰው ግን ያመዋል። ማን እየጠረገ እንደነበረ ኋላ እመጣበታለሁ። አልጋዬ ላይ እንደተጋደምኩ ሽታው የወሰደኝ ወደ እናቴ ቤት ነበር፤ የሚገርመው ግን ቤቱ ወደማይጠረግባቸው ቀናት መውሰዱ ነው።

አባቴ የመንገድ ሥራ ግሬደር ነጂ ነበር። ክረምቱ የበላውን የምዕራቡን ጠጠር መንገድ በጋውን ሙሉ ሲደለድል ይከርማል፤ ከቤት ሲወጣ አንዳንዴ ለሳምንት፣ አንዳንዴ ለወራት ነው። እሱ የወጣ ዕለት እናቴ መጥረጊያውን ከበሩ ኋላ ታቆመዋለች፤ መድረሱ እስኪሰማ ማንም አይነካውም። መንገደኛ የወጣበት ቤት ከተጠረገ መንገደኛውም አብሮ ይጠረጋል ይባል ነበር። ቤት መጥረግ የእኔና የእህቴ ሥራ ስለነበረ የአባታችን መሄድ ለእኛ የዓመት በዓል ያህል ነው፤ የባቄላው ገለባ፣ ታኝኮ የተተፋው ሸንኮራ፣ ዶሮዎቹ በእግራቸው ጎትተው ያስገቡት ጭድ ወለሉ ላይ ሲከማች እያየን ደስታችንን ላለማሳየት እንጨነቃለን። ወሬው የሚመጣው ከነቀምት በሚመለሰው አውቶቡስ ነው። ረዳቱ በራችን ፊት ሲደርስ መሰላሉ ላይ ተንጠልጥሎ «ገብቷል!» ብሎ ይጮህና ያልፋል። እናቴ መጥረጊያውን ታነሳና ለእኔ ትሰጠኛለች። በልጅነቴ ከሰው ሁሉ አብልጬ የምጠላው ያንን ረዳት ነበር።

ካደግሁ በኋላ መጻሕፍት አነበብኩና ይህን ሁሉ ተውኩት፤ ማለቴ የተውኩት መሰለኝ። ያገባኋት ጫልቱ ግን የጉደር ልጅ ናት፤ ከአንድ ሻንጣ ልብስና ከእናቷ ድስት ጋር እምነቱንም ይዛ መጣች። በትዳራችን መጀመሪያ ላይ በጉዳዩ ተከራከርኳት። ነገሩ እውነት ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባን ማለዳ ማለዳ የሚጠርጉት ሴቶች አንድም መንገደኛ ባሕር ዳር እንዳይደርስ ባደረጉ ነበር አልኳት። እስከ መጨረሻው ካዳመጠችኝ በኋላ «እነሱ የሚጠርጉት መንገድ ነው፤ እኔ የምልህ ቤት ነው» አለችኝ። ጎረቤታችን አደ ወርቄ፣ አደ ወይዘሮ ማለት ነው፣ የወንጌል አማኝ ስለሆኑ ነገሩን የሰይጣን ሥራ ይሉታል። ሆኖም ልጃቸው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሄደች ጊዜ ወገባቸውን አሟቸው ቤታቸው ሳይጠረግ ሰነበተ፤ ስልኩ ጠርቶ መድረሷን ከነገረቻቸው በኋላ በዚያው ሰዓት ዳኑ።

ልጃችን ለሚ በዚህ ክርክር መካከል ያደገ፣ በየሄደበት ቆሻሻ የሚያዘንብ ልጅ ነበር። ኦቾሎኒ ይወዳል፤ ቅርፊቱን ደግሞ ባለበት ይጥላል፤ የት እንዳለ ለማወቅ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ ቅርፊቱን ተከትሎ መሄድ ይበቃል። አልጋውን አንጥፎ አያውቅም። የጫማው ተረከዝ ሁልጊዜ በውጪው በኩል ብቻ ያልቃል፤ ጫማ ሰፊው ይህን ልጅ ምን ታበሉታላችሁ ይለን ነበር። ተምሮ ዲፕሎማውን ያዘ፤ ዲፕሎማውን ይዞም ተቀመጠ። አንድ ቀን እራት ላይ ለወታደራዊ ሥልጠና መመዝገቡን የነገረን፣ ዳቦ አልቋል እንደሚል ሰው ነው።

እኔ የማውቀውን ሁሉ አወጣሁ። በየአገሩ ልጁን ለጦር የላከ አባት ምን እንደደረሰበት፣ ሠራዊቶች እንዴት እንደተነሱና እንዴት እንደቀሩ ረጅም ንግግር አደረግሁ። ለሚ ኦቾሎኒውን እየፈለፈለ ሰማኝ።

«አባዬ፣ አንተ ያነበብከው ሁሉ ያለቀ ጦርነት ነው» አለኝ ስጨርስ። «እኔ የማወራህ ስለ ሥራ ነው።»

እናቱ አልተከራከረችም። እዚያ ብርድ አለ ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችው።

የሄደው ክረምቱ ሳይወጣ፣ ጥቁሩ ጭቃ ጫማን እየያዘ በሚያስቀርበት ወቅት ነው። ባጃጁ በር ላይ እየጠበቀ ቻርጀሩን መርሳቱ ትዝ አለውና ከነጫማው ተመልሶ ገባ፤ ሲሚንቶው ላይ ከበሩ እስከ አልጋው ድረስ ኮቴውን አትሞ ወጣ። ጫልቱ «ነጋን ጋሊ፣ በሰላም ግባ» አለችው። ወደ ቤት ስንመለስ ብርድ ልብሱ መሬት ወድቋል፣ በርጩማው ላይ የኦቾሎኒ ቅርፊት ተቆልሏል። መጥረጊያውን ከበሩ ኋላ አቆመችው።

ችግሩ መድረሱን የሚነግረን አለመኖሩ ነው። ያን ሁሉ ጭቃ ያስገባብን ቻርጀር ለምንም አልዋለም፤ የሠልጣኞች ስልክ በር ላይ እንደሚሰበሰብ የሰማነው ቆይቶ ነው። እናቴ የሚጮህ ረዳት ነበራት፤ እኛ ግን ለሠለጠነው ዘመን ዝምታ አልተዘጋጀንም ነበር። ቤቱ ሳይጠረግ ሰነበተ። ጎረቤት በየተራ እየመጣ ይቀመጥ ጀመር፤ አንዱ ከልማዱ የተነሳ እግዜር ያጽናችሁ ሲለን ልጄ አልሞተም፣ ተቀጥሮ ነው ብዬ ተቆጣሁ። ቢሆንም ማንም ስለ ወለሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እንግዶቹ ገና ከበሩ ያዩታል፣ ይገባቸዋል፣ ኮቴውን ላለመርገጥ እግራቸውን ሰፋ አድርገው ይሻገራሉ። አደ ወርቄም ተሻገሩት፤ ሲሻገሩ በዚህ ነገር አላምንም ብለው ነው። እኔም አላምንም ነበርና ሁለታችን ተስማምተን ቅርፊቱን እያየን ተቀመጥን።

አንድ ቅዳሜ ጫልቱ ገበያ ስትወርድ ይህ ነገር ዛሬ ማብቃት አለበት ብዬ መጥረጊያውን አነሳሁ። የተማረ ሰው ቤት ነው፤ አይጥ ሊገባብን ነው። ከበሩ ልጀምር ስል ኮቴውን አየሁት። ጭቃው ደርቆ ጠርዙ ተሰነጣጥቋል፤ ተረከዙ በውጪው በኩል አልቆ ስለነበረ በዚያ በኩል ምልክቱ ጎድሏል። ብጠርገው ምንም እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ዛሬም ብትጠይቁኝ ያንኑ እላለሁ። ግን ልክ መሆኔን በልጄ ላይ መፈተን አልፈለግሁም። መጥረጊያውን ወደ ቦታው መለስኩት፤ ለካ ገልብጬ አቁሜው ኖሯል።

ጫልቱ ከገበያ ተመልሳ ዘንቢሏን ሳታወርድ አየችው።

«የለሚ አባት፣ ወገብህን አመመህ?»

«ትንሽ።»

«እንደ አደ ወርቄ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ስልኩ የጠራው ኮቴው እየተፈረፈረ ቅርጹን ሊያጣ ሲል ነው። ቁጥሩን አናውቀውም። ድምፁ ሻክሮ ስለነበረ መጀመሪያ ማን እንደሆነ አልለየነውም።

«እማዬ፣ ደርሻለሁ።»

«መቼ?»

«ቆየሁ እኮ። አሁን ገና ነው ስልክ የሰጡን።»

«እንግዲያ ለእኛ ዛሬ ነው የደረስከው» አለችው። መብላቱን፣ ብርዱን ጠየቀችው፤ ስልኩን ለእኔ ስታቀብል ጊዜው አልቆ ተቋረጠ። ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች፤ ቀጥሎ ቤቱን ጠረገች። ኮቴው ከሌላው አቧራ ጋር አብሮ ወጣ።

ሥልጠናውን ጨርሶ ባለፈው ሳምንት ለዕረፍት መጣ። ከስቷል፣ አንገቱ ረዝሟል፤ ትከሻው ግን ሰፍቷል። የቀረበለትን ሳያወራ ጨርሶ እጁን ይታጠባል። እኔ ስገባ ብድግ ይላል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲነሳልኝ የለመንኩት ልጅ አሁን ሲነሳ ከኋላዬ ማን ገባ ብዬ እዞራለሁ። ኦቾሎኒ ገዝቼለት ነበር። በላ፤ ቅርፊቱን ግን በመዳፉ ሰብስቦ ወስዶ ጣለ።

ዛሬ ጠዋት በመስኮት ሳይ ግቢውን የሚጠርገው እሱ ነበር። ሊሄድ ልብሱን ለብሷል። ውሃውን ረጭቶ፣ ከአጥሩ ጥግ እስከ በሩ መስመር እያወጣ ጨረሰና ወደ ቤት ገብቶ ቀጠለ። ወለሉን ጠረገው። አልጋው ጠረጴዛ እስኪመስል ተወጥሮ ተነጥፏል። ጫልቱ ጋቢዋን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆማለች።

«ለሚ፣ ይሄ የእኔ ሥራ ነው። ስትደርስ የምሠራው ነው።»

«ለምዶብኝ ነው እማዬ።»

ቆሻሻውን አውጥቶ ደፋ፤ መጥረጊያውን አራግፎ ከበሩ ኋላ፣ እናቱ በምታቆምበት ቦታ አቆመው። በጋ ስለሆነ ጭቃ የለም። የረሳው ዕቃም የለም።

ከሸኘነው በኋላ ጫልቱ ከክፍል ክፍል ስትዘዋወር አየኋት። በርጩማውን አነሳች፣ ከአልጋው ሥር አጎንብሳ አየች፣ ተመለሰች። ከቤቱ ውስጥ ሳይጠረግ ሊቆይ የሚችል አንድ ነገር እየፈለገች ነበር። የለም። ሥልጠናው ልጃችንን ሥርዓት አስያዘልን፣ እኔም የምመኘው ይህንኑ ነበር፤ ያኛውን፣ ኮቴውን ሲሚንቶው ላይ ጥሎ የሚሮጠውን ግን ማንም ለዕረፍት አይልክልንም።

አሁን መሽቷል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እስካሁን አልጠራም። ለእሱ ከገዛሁት የተረፈውን ኦቾሎኒ አምጥቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና እየፈለፈልኩ ቅርፊቱን ወለሉ ላይ እጥለው ጀመር፤ ትንሽ በበሩ በኩል፣ ትንሽ በአልጋው በኩል። በሌላ ቀን ቢሆን ጫልቱ ጉድ ታፈላብኝ ነበር። ከጓዳ ወጥታ ወለሉን አየች፣ እኔን አየች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ እግሯን ሰፋ አድርጋ ተሻገረችው።