ከዘጠነኛው ዘፈን በኋላ

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ጋሽ ተሰማ ደወሉ። ጋሽ ተሰማ የእናቴ የአጎት ልጅ ናቸው። ከሴንት ፖል አጠገብ፣ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ይኖራሉ። የዕድራችን ሊቀመንበርም ናቸው። ሰላምታውን አላስረዘሙም።

«ቢኒያም፣ የሂሩት አባት አዲስ አበባ ዐርፈዋል። እሁድ ጠዋት ነው የምንነግራት። እስከዚያ አንተ እንደወትሮህ ሁን። ቅዳሜ ደግሞ ወዲያ ወዲህ እያልክ አውላት። እሷ ፌስቡክ እንዳትከፍት።»

ሂሩት የሥራ ባልደረባዬ ናት። አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምንሠራው። መኪናዋ ስለተበላሸ እኔ ነኝ የማመላልሳት።

ስልኩ ሲዘጋ፣ ለጥሪው ቆሞ የነበረው ዘፈን ካቆመበት ቀጠለ። ያ ሰውዬ ነው። በወጣትነቱ ሮክ ኤንድ ሮል ሲዘፍን ኖሮ፣ ኋላ ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ ካንትሪ ወደሚባለው የገጠር ዘፈን የዞረው። የምርጥ ዘፈኖቹ ስብስብ ስልኬ ውስጥ አለ። አጠፋሁት። ያጠፋሁት በሐዘን አይደለም፣ በንዴት ነው። እንደወትሮህ ሁን። ይህችን ነገር አውቃታለሁ። በእኔ ላይ ተሠርታለች።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሃይስኩል ጨርሼ ሴንት ፖል ከወንድሜ ከስዩም ጋር እኖር ነበር። ከዚያ በላይ አልተማርኩም፤ ጽሑፌ ቢንተባተብ ከዚህ ነው። ስዩም በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ነው። ትልቅ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ሁለት ሳምንት መንገድ ላይ፣ ሦስት ቀን ቤት። ሲሄድ በቡና ጣሳ ቆሎ ይሞላል፣ ቋንጣ ይይዛል፣ አሮጌ ቶዮታውን ደግሞ ለእኔ ይተውልኛል።

የዚያን ዘፋኝ ሲዲ ስዩም ሲዋርድ የሚባል ሰፈር ካለ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ነው ያገኘው። ሽፋኑ ላይ ሁለት ፎቶ አለ። አንደኛው ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ጎረምሳ ነው፣ ጊታሩን እንደ ጠመንጃ ወድሮ። ሌላኛው ባርኔጣ የደፋ ጎልማሳ፣ አጥር ተደግፎ። ስዩም ደጋግሞ አየና «አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት?» አለ። ቶዮታው ውስጥ ሲከተው ማጫወቻው ዋጠው። አዝራሩን ቢጫን፣ በቢላዋ ጫፍ ቢጎረጉር አልወጣም። ራዲዮኑም ከዚያ ቀን ጀምሮ እምቢ አለ። ስለዚህ እዚያ መኪና ውስጥ ለሦስት ዓመት ሌላ ሰው አልዘፈነም።

ዘፈኖቹ ሃያ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ዘጠኙ ሮክ ኤንድ ሮል ናቸው፤ ፒያኖው እንደ በር ይደበደባል፣ ሰውዬው ይጮኻል። አሥረኛው ላይ ድንገት ይረጋጋል። ከዚያ በኋላ መንገድ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ትታው የሄደች ሴት ናት። እኔ ዘጠኙን ነበር የምወደው። ስዩም ከአሥረኛው ወዲያ ያለውን።

«ፈርቶ ነው» እለዋለሁ። «አርጅቶ፣ እንዳይሳቅበት ብሎ ባርኔጣ ደፋ።»

«ሰውዬው አልተለወጠም። የቀረው ጥድፊያው ነው። ፒያኖውን ስማው፣ እጁ ያው ነው።»

«የሽማግሌ ዘፈን ነው፣ ስዩም።»

«አንተ ከሴንት ፖል ወጥተህ ነድተህ ታውቃለህ? ነብራስካን አንድ ቀን አቋርጥና እናወራለን።»

በመጨረሻ ደንብ አወጣን። እሱ መኪናው ውስጥ ካለ ከአሥር እስከ ሃያ ይሰማል። መንገድ ላይ ከሆነ እኔ ከአንድ እስከ ዘጠኝ እሰማለሁ። ዘጠነኛው ሲያልቅ አዝራሩን ተጭኜ ወደ አንደኛው እመልሰዋለሁ። አሥረኛውን ለብቻዬ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ጥር ወር ላይ፣ አንድ ዓርብ፣ ስዩም ነብራስካ ውስጥ የጭነት መኪኖች የሚያርፉበት ቦታ አቁሞ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ሥራ ሲቀጠር የቤተሰብ ስልክ ብሎ የጻፈው የጋሽ ተሰማን ነው፤ ቅጹን ሲሞላ እኔ ልጅ ነበርኩ። ፖሊስ ለእሳቸው ደወለ። እኔ ይህን የሰማሁት እሁድ ነው። አሁን ግን በቅደም ተከተሉ ልጻፈው። አንባቢ እኔ የማላውቀውን እያወቀ ቅዳሜዬን ይየው። እነሱም እንዲሁ ነበር ያዩኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ተሰማ ደወሉ። «ነገ የአንድ ዘመድ ልጅ ክርስትና አለ፤ ድግሱ እኛ ቤት ነው። መኪናውን ይዘህ ና» አሉኝ። ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ታጣፊ ወንበሮች መጫን ነበረብኝ። የአፍንጫ ፀጉር የሚያደርቅ ብርድ ነበር። መንገዱ በጨው ነጥቷል፣ ወንበሮቹ ብረት ናቸው፣ ጓንቴ ቀዳዳ ነበር። ምድር ቤት የነበሩት የዕድሩ ሰዎች ስገባ ወሬያቸውን አቆሙ። አንደኛው ትከሻዬን ይዞ ቆየ፤ ሲበዛ ቆየ። «ጎበዝ ነህ» አለኝ። ወንበር በመሸከሜ ያመሰገነኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሁለተኛው ዙር የጋሽ ተሰማ ባለቤት እትዬ አስካለ ከጎኔ ተቀመጡ። ጥቁር መነጽር አድርገዋል። በረዶው ዓይን ስለሚያጥበረብር አልገረመኝም። አፍንጫቸውን በሶፍት ደጋግመው ይጠርጋሉ።

«ጉንፋን ነው» አሉ፣ ሳልጠይቃቸው። ቆየት ብለው ደግሞ «ይሄ የሚጮኸው ማነው?»

«የስዩም ሰውዬ ነው። ሲዲው ተቀርቅሮ ነው።»

«ስዩም የሚወደው የቱን ነው?»

«ከአሥረኛው ወዲያ ያለውን። የሽማግሌዎቹን።» ሳቅኩ።

«እስቲ እሱን አሰማኝ።»

«ይለፈኝ፣ እትዬ። ሰኞ ሲመጣ እሱ ያሰማዎታል። እስኪያንገሸግሽዎት ያሰማዎታል።»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ድልድዩ ላይ ነበርን፤ ከታች የሚሲሲፒ ወንዝ በበረዶ ተጋግሮ ነጭ ሆኗል። የከፋቸው መስሎኝ ላስቃቸው ፈለግኩ። ድምፁን ጨምሬ መሪውን እየደበደብኩ ከሰውዬው ጋር ዘፈንኩላቸው። እስከ ቤታቸው ድረስ ዘፈንኩ። አንዴም ዝም በል አላሉኝም።

ወንበሮቹን መኪና በሚያቆሙበት ጋራዣቸው ውስጥ እየደረደርኩ ለስዩም ደወልኩ። አላነሳም። ቮይስሜይል ተውኩለት። «የመኪናህ ፍሬን እንደ ሰውዬህ ያላዝናል። እኔ እዚህ ወንበር እሸከማለሁ፣ አንተ ተኝተሃል። ደውል።» ጋሽ ተሰማ አጠገቤ ቆመው ይሰሙ ነበር።

«ስልክ አያነሳም» አልኳቸው።

«ኔትወርክ የለም እዚያ። ነብራስካ እኮ ነው» አሉ፤ አንድ ወንበር አነሱና ካስተካከልኩበት ትንሽ ፈቀቅ አድርገው አስቀመጡት።

ይህችን ነገር እስካሁን መዋጥ አልቻልኩም። ስለ ክርስትናው መዋሸታቸውን ልርሳ። ስለ ኔትወርክ ግን ምን አናገራቸው? ዝም ማለት ይችሉ ነበር።

እሁድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እንድመጣ ተነግሮኝ ነበር። ክርስትና ቢሆን ሰው በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ያን እንኳ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም። ዘጠነኛው ዘፈን ላይ ደረስኩ፣ ከሁሉም የሚጮኸው ላይ። መንገዱ ግራና ቀኙ በመኪና ሞልቷል። ደጅ የቆሙ ሰዎች ዘወር አሉ። ዘፈኑ እንዲያልቅ ትንሽ ጠበቅኩ፤ ሊያልቅ ሲል ሞተሩን አጠፋሁና ወረድኩ።

የጋራዡ በር ክፍት ነበር። እኔ የደረደርኳቸው ወንበሮች ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ቄሱም አሉ። ስገባ ሁሉም ተነሱ።

«እንዴ» አልኩ እየሳቅኩ፣ «ክርስትና ነው ወይስ ለቅሶ?»

ማንም አልሳቀም። ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ክንዴን ያዙኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ግን የማን እንደሆነ ለማወቅ የጋሽ ተሰማን ፊት ማየት ነበረብኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙም አላስታውስም። የማስታውሰው ብረቱ ወንበር ቀዝቃዛ እንደነበር ነው። ከትናንት ጀምሮ ጋራዥ ውስጥ አድሮ።

በሦስተኛው ቀን ውሃ ልጠጣ ወደ ወጥ ቤት ስሄድ፣ ድስት የምታማስል አንዲት ሴት ለጓደኛዋ ስታወራ ሰማሁ። «ሙዚቃ እያስጮኸ ነው የመጣው እኮ። ወንድሙ ሞቶ። የዛሬ ልጆች።» ስታየኝ ማማሰሉን ቀጠለች። ውሃውን ሳልጠጣ ወጣሁ። ጋሽ ተሰማ ጋራዡ ውስጥ ከሰዎች ጋር ተቀምጠው ነበር። ፊታቸው ቆምኩ።

«ለምን ዓርብ አልነገራችሁኝም?»

«ልጄ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ሳይሰበሰብ፣ የሚይዝህ ሳይኖር? ለአንተ ብለን ነው። መኪና ስትነዳ ብትሰማስ?»

«ታዲያ ለምን አስነዳችሁኝ?»

የተቀመጡበትን ወንበር በእጄ ነካሁ።

«ለምን የወንድሜን የለቅሶ ወንበር አስጫናችሁኝ? እትዬ አስካለ አጠገቤ እያለቀሱ ለምን ዘፈንኩ? አሁን ደግሞ ወጥ ቤት ሆናችሁ ‹ዘፈነ› ትሉኛላችሁ።»

«ይበቃል ቢኒያም፣ ሐዘን ላይ ነህ» አለ አንድ ሰው። ሐዘን ላይ መሆኔን እሁድም የነገሩኝ እነሱ ነበሩ።

በዚያው ቀን ጋሽ ተሰማ ሐዘንተኛ ዘፈን አይሰማም ብለው፣ መኪና የሚያውቅ ሰው ጠርተው የማጫወቻውን ፊውዝ አስነቀሉ። ሲዲው ስለማይወጣና ሞተሩ ሲነሳ አብሮ ስለሚጀምር ሌላ መላ አልነበረም። ሙት ዓመቱ እስኪወጣ በዝምታ ነዳሁ። ከወንበሮቹ ሥር የስዩም ቆሎ ይወጣ ነበር። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር አንድ ሁለት ፍሬ ወደ እግሬ ይንከባለል ነበር።

ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ፊውዙን መልሼ ሰካሁት። ማጫወቻው ያቆመበትን አልረሳም። የዘጠነኛው ዘፈን የመጨረሻዎቹ ጩኸቶች መጡ፤ ጣቴ አዝራሩ ላይ ነበር፣ እንደልማዴ። አልተጫንኩም። አሥረኛው ጀመረ። እውነቱን ልናገር፤ አብዛኞቹን ዛሬም አልወዳቸውም። አንዳንዶቹ በጣም ያላዝናሉ። ግን አሥረኛው ላይ፣ ከቫዮሊኑ ሥር፣ ፒያኖው አለ። ቀስ ብሎ ይመታል እንጂ ያው እጅ ነው። ያን ዕለት ስዩምን ማስረዳት የምፈልገው ነገር አልነበረም። ልክ ነህ ልለው ብቻ ነበር የፈለግኩት።

ቶዮታው ከሞተ ቆይቷል። አሁን ዘፈኖቹ ስልኬ ውስጥ ናቸው፤ እንዳሻቸው ተደበላልቀው ይመጣሉ።

ሐሙስ ዕለት መኪናው ውስጥ ትንሽ ከቆየሁ በኋላ ለጋሽ ተሰማ መልሼ ደወልኩ። የሂሩት ሺፍት ሊያልቅ ሁለት ሰዓት ይቀረው ነበር።

«ጋሼ፣ እንደወትሮዬ መሆን አልችልም። ዛሬ ይንገሯት። አለዚያ እኔ እነግራታለሁ።»

«ሰው ሳይሰበሰብ? ብትወድቅስ? ይሄ ነገር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፣ ልጄ።»

«ሰው እንዲሰበሰብላት እኔም እፈልጋለሁ። እሁድ ይሰበሰብ። ግን እስከ እሁድ ስትስቅ እያየሁ አብሬያት አልስቅም።»

ከዘራቸው ወለሉን ሲመታ ሰማሁ።

«ወንበሮቹ» አሉ በመጨረሻ። «ያን ቀን ሌላ ባለመኪና ጠፍቶ ነበር።»

ይቅርታ አልነበረም። እኔም እንደ ይቅርታ አልቆጠርኩትም። «መጥተህ ውሰደን» አሉ ቀጥለው፤ ሄድኩ።

ጋሽ ተሰማ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል ይዘው ፊት ተቀመጡ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውንና አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዘው ከኋላ። ድልድዩን ስንሻገር እትዬ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ።

«የስዩምን ዘፈን አላሰማኸኝም እኮ።»

ባላቸው ዘወር ብለው አዩአቸው። አሥረኛውን ፈልጌ ከፈትኩት። እትዬ ቃሉ አይገባቸውም፤ እንግሊዝኛው ይከብዳቸዋል፣ ሰውዬውም ከአፍንጫው ነው የሚዘፍነው። እስከ መጨረሻው ሰሙት። «ጥሩ ነው» አሉ።

ንዴቱ እንደሚለቀኝ አላውቅም። እነዚህን ሰዎች እወዳቸዋለሁ፤ ስዩምን አብረውኝ ቀብረዋል፣ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ምግብ አምጥተውልኛል። ያም ሆኖ ያን ቅዳሜ ከእኔ ወስደዋል። ወንድሜን አስቤ ማልቀስ የሚገባኝን ቀን ስዘፍን አዋሉኝ፣ ቀኑ ደግሞ አይመለስም። ሰውን ከሐዘን ማዳን የሚቻል ይመስላቸዋል። የሚቻለው ለብቻው እንዳያዝን ማድረግ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ከማንም በላይ ይችሉበታል።

መጦሪያው በር ላይ ፓርክ አድርጌ ስልኬን ዘጋሁ። ሂሩት ኮቷን እየቆለፈች ወጣች፤ ከሩቅ እጇን አወዛወዘች። ወደ መኪናው ስትቀርብ እርምጃዋ ዘገየ። በሩን ስትከፍት ሦስታችንም ወደ እሷ ዞረን ነበር፤ መኪናው ውስጥ ዘፈን አልነበረም።