ባና የለበሰች መኪና

አባቴ ቁስል የሚያጥብና የሚሰፋ ድሬሰር ነበር። ከመሐል ሜዳ ወደ ቀየትና ወደ ሞላሌ የሚመላለስባት አሮጌ የጣልያን መኪና ነበረችው። በመንዝ ብርድ ሞተሯ ጠዋት አልነሣ እያለ ስላስቸገረው፣ ማታ ማታ ኮፈኗ ላይ ወፍራም የበግ ፀጉር ባና ይጥልባታል። ፀጉሩን የፈተለችው እናቴ ናት። ሲነጋ ባናውን ገፍፎ የግቢው የድንጋይ ካብ ላይ ያሰጣና ሞተሩን ያስነሣል። ልጅ ሆኜ ከእንቅልፌ የምነቃው በዚያ ድምፅ ነበር።

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አባቴ ሞተ። እኔ አዲስ አበባ የጋዜጣ ዘጋቢ ሆኜ ነበርና ወደ ቤት የምመጣው ለበዓል ነው። በመጣሁ ቁጥር መኪናዋን ከግቢው ጥግ ተሸፍና አገኛታለሁ። እናቴ ተጨማሪ ባና አሠርታ ከጣሪያዋ እስከ በሮቿ ወገብ አልብሳታለች።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ፣ ለሙት ዓመቱ ሞላሌ አጠገብ እሱ ወደተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ሚኒባስ እንከራይ ብላት አልሰማችኝም፤ በራሱ መኪና ካልሆነ አልሄድም አለች። እኔም ፈቃድ ወስጄ፣ ከደብረ ብርሃን አንድ ላሜራ ሠሪና አዲስ ባትሪ ይዤላት ሄድኩ።

ባናዎቹን ስናነሣ እጃችን ረጠበ። የጣሪያው ቀለም አባብጧል፤ ኮፈኑን በጣቴ ብነካው ተበሳ። ጭቃ የሚመታው የበሮቹ ግርጌ ግን ደህና ነበር። ዝገቱ የሄደው ባናው በሄደበት ብቻ ነው።

ላሜራ ሠሪው እናቴ ወደ ቤት እስክትገባ ጠበቀ።

«በግም ፀጉሩን ለብሶ ያድራል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሲነጋ ግን ተነሥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ይቺ ያልተነሣች በግ ናት።»

እንደገና ከተሸፈነች አዲሱም ላሜራ ብዙ ክረምት አይሻገርም፤ ይህን ለእናቴ መንገር ደግሞ የእኔ የልጇ ድርሻ እንደሆነ ነገረኝ።

የተበላውን እየቆረጠ አወጣ። በካርቶን ልክ ይወስዳል፤ ልኩን ከበርሜል በተገኘ ላሜራ ላይ ይሥልና ይቆርጣል፤ ግንድ ላይ አስደግፎ እየቀጠቀጠ ጎኑን ያጎብጠዋል፤ ከዚያ ይበይዳል። ቀለም ከመርጨቱ በፊት መስታወቶቹን በጋዜጣ ሸፈነ። የጻፍኩት ዜና ተገልብጦ በአባቴ ወንበር በኩል ተለጥፎ አየሁት። ጎረቤቶች ከካቡ ማዶ ሆነው፣ ድሬሰሩ ሰው ሲሰፋ ኖሮ አሁን ተራው የመኪናው ሆነ እያሉ ይቀልዱ ነበር። እናቴ ትስቃለች። ስትስቅ ከሰማኋት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበርና የባናውን ነገር ለነገ እያልኩ አሳደርኩት።

ቀለሙ በደረቀ ዕለት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ እናቴ ባናዎቹን ታቅፋ ከቤት ወጣች።

«ምን እንደበላት አልነገርሽኝም» አለች። «ሥራሽ የሆነውን መናገር አይደል?»

ነገርኳት። የበግ ፀጉር የጉሙን ውሃ ይዞ እንደሚቆይ፣ ያልተናፈሰ ብረት እንደሚዝግ፣ አባቴ ግን ጠዋት ጠዋት ባናውን ይገፍፈው እንደነበር። ባጭሩ፣ ምንም ሳልጨምር።

ባናዎቹን አላስቀመጠቻቸውም።

«እርጥብ መሆኑንማ በእጄ አውቀዋለሁ» አለች። «ግን ተሸፍና ሳያት፣ እሱ ገና ከእንቅልፉ ያልተነሣ ይመስለኛል። ከገፈፍኩት ባዶ ናት።»

 

አዲሱን ኮፈን አየችና ባናዎቹን እንደታቀፈች ወደ ቤት ተመለሰች። መኪናዋ ሳትለብስ አደረች።

ጠዋት አዲሱ ኮፈን ላይ አመዳይ ተጋግሮ ነበር። ቁልፉን ባዞር ሞተሩ እምቢ አለ። እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ለብሳ ወጣችና አንዱን ባና ካቡ ላይ አሰጣች፤ ሌላውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መኪናዋ ውስጥ ከመሪው ጎን በድሮ ቦታዋ ተቀመጠች።

«ፀሐይ ትምጣላት» አለችኝ።

ጠበቅን። ፀሐይዋ ካቡን አልፋ ኮፈኑን ስትነካ አመዳዩ መንጠባጠብ ጀመረ። ቁልፉን ደግሜ አዞርኩት። ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ተነሣ፤ ድምፁ ያው የድሮው ነው።

እናቴ ወደ መሪው ፈጥና ዞር አለች። አባቴ ወንበር ላይ ያለሁት እኔ ነበርኩ።

እስክትረጋጋ አየችኝና ባናውን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

«በይ ንጂ» አለች።