አንገት ላይ የዋለ ቁልፍ

በገነተ ማርያም አካባቢ የሚቆለፍ በር ካለ ጓጉንቸሩ የታፈረ ወይም የአባቱ የጋሻዬ ሥራ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ቤት ጓጉንቸር ሳይቀር እነሱ ናቸው የሠሩት፤ ያውም በነጻ፣ ለማርያም ብለው። ሰፈሩ ግን በሌሉበት ‹‹ቡዳ›› ይላቸዋል። ጉድ እኮ ነው! ሳጥኑን የሚያምናቸው ሰው ማዕዱን ይነፍጋቸዋል።

ከነሱ ገበታ የምትቆርሰው ወለተ ሐና ብቻ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ከልጇ ከየሻረግ ጋር የምትኖር ጎረቤታቸው ናት። ታፈረ እንደ አባቱ ለአንድ ጓጉንቸር አንድ ቁልፍ ብቻ ያወጣል፤ ትርፍ አያስቀርም። እሷም የሠራላትን ቁልፍ ከማተቧ ጋር አስራ አንገቷ ላይ አዋለችው። ‹‹ከሞት በቀር የሚፈታው የለም›› እያለች ትስቅ ነበር።

በሰባ ሰባት፣ በዚያ ክፉ ቀን፣ ስንዴ ይታደላል ተባለ። ወለተ ሐና ቤቷን ቆልፋ፣ ልጇንና ባዶ ስልቻዋን ይዛ ሄደች። ስንዴ የለ፣ ምን የለ! ካሚዮን ላይ ጭነው ለሰፈራ ወሰዷቸው።

በሳምንቱ ካድሬው ታፈረን ከቤቷ ደጃፍ አስጠራው።

‹‹ባለቤት የሌለው ንብረት ነው። ጓድ ታፈረ፣ የሠራኸው አንተ ነህ፤ ክፈተው!››

የታፈረ ደም ፈላ። ‹‹እንዴት ባለቤት የለውም ትለኛለህ? እናንተው አይደላችሁ አታላችሁ የጫናችኋት? ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው፤ ሂድና እሷን አምጣት!››

ሦስት ሳምንት ታሰረ። ሲፈታ በሩ በመጥረቢያ ተገንጥሎ፣ ቤቱ ተራቁቶ ጠበቀው፤ ወፍጮዋን እንኳ አልተዉላትም። ጓጉንቸሩ ግን እንደተቆለፈ ከነሰንሰለቱ ተነቅሎ መሬት ወድቋል። ታፈረ እየተራገመ በሩን ጠገነ፤ ሰንሰለቱንም በአዲስ ምስማር መልሶ መታው። ለባዶ ቤት ምን ያደክምሃል የሚሉትን ‹‹ስትመጣ በምን ትግባ?›› ብሎ ይቆጣቸዋል። በየወሩ በማርያም ቀን ዝገት እንዳይበላው ጓጉንቸሩን ዘይት ያጠጣው ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ የሻረግ ብቻዋን፣ እግሯ ቆስሎ መጣች። ታፈረ ‹‹እናትሽስ?›› ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ቁልፉ የልጅቷ አንገት ላይ ነበር።

የሻረግ ከአንገቷ ሳትፈታው ጎንበስ ብላ አስገባችና አዞረችው። ተከፈተ። የተሰበሰበው ጎረቤት እልል ሊል ሲዳዳው ታፈረ ‹‹ዝም በሉ!›› ብሎ ጮኸና ቀጠለ፦

‹‹ስንዴ እንሰጥሻለን ነው ያሏት። ስንዴ!››